ረዳትና አራሚ በአንድ ሰው፦ ባለ 144 ጥንዱ የኢኒያግራም መጠይቅ ባሕር ዳር ላይ ሲመዘን

ፍርዱን አስቀድመን እንስጥና ምክንያቱን በኋላ እናምጣ። የሪሶና የሀድሰን የኢኒያግራም መጠይቅ አንድ ሰው ከኢኒያግራም ዘጠኝ የጠባይ ዓይነቶች ረዳት የሚባለው ይሁን አይሁን ለመጠርጠር ጥሩ መነሻ ነው። በረዳትነቱ ላይ የተደረበውን የአራሚነት ጠባይ ግን አይለይም ማለት ይቻላል። ያንን የሚለየው መጠይቁ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ምልከታና ውይይት ነው። ይህን አውቆ ለሚጠቀም የባሕር ዳር ነርስ፣ መምህር፣ የእድር ገንዘብ ያዥ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ያዋጣል። ውጤቱን እንደ ደም ምርመራ ወረቀት ይዞ ለሚዞር ሰው ግን ባይገዛው ይሻላል።

ኢኒያግራም በክብ ዙሪያ የተደረደሩ ዘጠኝ ነጥቦች ያሉት የጠባይ ካርታ ነው። ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያስያዙት ቦሊቪያዊው ኦስካር ኢቻዞና ቺሊያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ክላውዲዮ ናራንሆ ናቸው። ኢቻዞ አሪካ በምትባል የቺሊ ከተማ ሲያስተምር ናራንሆ ከእሱ ተማረና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ትምህርቱን ወደ ካሊፎርኒያ ወሰደው። መጠይቁን ያዘጋጁት ደግሞ ከእነሱ በኋላ የመጡት ዶን ሪሶና ረስ ሀድሰን ናቸው። ከሁሉም በስተጀርባ የቆየ የገዳም አስተሳሰብ አለ፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ የዘረዘራቸው ስምንት ክፉ ሐሳቦች ከዘጠኙ ዓይነቶች ሕመም፣ ማለትም ከየዓይነቱ ሥር ካለው መጥፎ ዝንባሌ፣ ጋር ብዙ ይገናኛሉ። በጣና ገዳማት አካባቢ ያደገና ትዕቢትንና ውዳሴ ከንቱን ለይቶ ከሚያስተምር መምህር እግር ሥር የተቀመጠ ሰው ይህ ካርታ ባዕድ አይሆንበትም።

አንድ ቁጥር አራሚው ነው፤ ነገር ሁሉ እንደ ሥርዓቱ እንዲሆን የሚፈልግ። ሁለት ቁጥር ረዳቱ ነው። ሦስት ቁጥር ስኬት ፈላጊው ነው። ሰው አንድ ዋና ቁጥር አለው፤ ከግራና ከቀኝ ካሉት ጎረቤቶች አንደኛው ደግሞ ጠባዩን ያቀልመዋል፤ ይህ ጎረቤት ክንፍ ይባላል። ስለዚህ የረዳቱ ክንፍ አንድ ወይም ሦስት ብቻ ነው። በቴሌግራም ቻናሎች ላይ “ሁለት ቁጥር ከስድስት ክንፍ ጋር ነኝ” የሚል ሰው ካያችሁ ካርታውን አልተማረውም ማለት ነው። እዚህ የምንገመግመው መጠይቁ አራሚ ክንፍ ያለውን ረዳት ለመለየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው፤ ሪሶና ሀድሰን ይህን ሰው “አገልጋዩ” ይሉታል።

መጠይቁ 144 ጥንድ አባባሎች አሉት። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ሰዓት መመደብ ይሻላል። ስሌቱን ልብ የሚል ብዙ አይደለም፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን እዚያ ነው። ዘጠኙ ዓይነቶች እርስ በርስ ሲጣመሩ 36 ጥንድ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ጥምረት አራት ጊዜ ይመጣል፤ 36 በ4 ሲባዛ 144። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይነት 32 ጊዜ ለምርጫ ይቀርባል። ከፍተኛው ውጤት 32፣ የዘጠኙ ድምር ምንጊዜም 144፣ አማካዩም 16 ነው።

ድምሩ ቋሚ ስለሆነ አንዱ ሲወጣ ሌላው የግድ ይወርዳል። በረዳትነት 26 ያገኘች ሴት 22 ካገኘች ጓደኛዋ የበለጠ ረዳት ናት ማለት አይቻልም፤ የሚታወቀው በራሷ ውስጥ ረዳትነት ከሌሎቹ ስምንቱ ጎልቶ መታየቱ ብቻ ነው። የቢሮ ሠራተኞች ውጤታቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሲወዳደሩ የሚሠሩት ስህተት ይኸው ነው።

የክንፉ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። ረዳትና አራሚ ፊት ለፊት የሚገናኙት ከ144 ጥንዶች በአራቱ ብቻ ነው። ሁለቱ ተወዳዳሪ ክንፎች፣ አንድና ሦስት፣ የሚገናኙትም በአራት ብቻ። አንዲት ሴት በሁለት ቁጥር 26፣ በአንድ ቁጥር 19፣ በሦስት ቁጥር 18 አገኘች እንበል። “ክንፌ አራሚ ነው” ብላ ልትደመድም ትችላለች። አንድና ሦስት ከተጋጠሙባቸው አራት ጥንዶች በአንዱ መልሷን ብትቀይር ግን አንዱ 18፣ ሌላው 19 ይሆንና ክንፏ ይገለበጣል። ልዩነቱ በአንድ መልስ በሁለት ነጥብ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድና በሦስት መካከል ያለው ልዩነት ከአምስት ነጥብ በታች ከሆነ ስለ ክንፍ ምንም እንዳልተነገራችሁ ቁጠሩት። አምስት የሚለው የእኛ ወሰን ነው። 36 ጥንድ ብቻ ባለው አጭር ቅጂ ደግሞ እያንዳንዱ ጥምረት አንዴ ብቻ ስለሚመጣ ስለ ክንፍ መናገር ጭራሽ አይታሰብም።

ስለ ሳይንሱ በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ስለ ኢኒያግራም ያለው ማስረጃ የተደበላለቀ መሆኑን ገልጿል፤ የሚደግፉት ውጤቶች አሉ፣ የማይደግፉትም አሉ። በዚህ መጠይቅ ሰው መቅጠር፣ ማሰናበት ወይም ሕመም መመርመር ተገቢ አይደለም። ለራስ ምልከታ ግን ጥሩ ጥያቄ ያስነሳል።

አሁን ወደ ባሕር ዳር እንምጣ፤ ለዚህ መጠይቅ ትልቁ እንቅፋት ያለው እዚህ ነውና። እንቅፋቱም ይሉኝታ ነው። ሰው ቤት ሲመጣ ሳይቀምስ አይሄድም፤ ለቅሶ ላይ አለመታየት ዕዳ ነው፤ የታመመ ሳይጠየቅ ከቀረ ለዓመታት ይነሳል። ሽምብጥም ሆነ አባይ ማዶ፣ “ለሌሎች ፍላጎት ቅድሚያ እሰጣለሁ” የሚል ዓይነት አባባል ሲያነብ የማይመርጠው ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን መልስ የሚመልሰው ሰውየው ብቻውን አይደለም፤ አስተዳደጉ አብሮ ይመልሳል። በዚህ የተነሳ ረዳት ያልሆኑ ሰዎች በሁለት ቁጥር ከፍ ብለው ይወጣሉ፤ በተለይ ግጭት የማይወዱት ዘጠኝ ቁጥሮችና ግዴታቸውን አክባሪ የሆኑት ስድስት ቁጥሮች።

ሴቶች ላይ ችግሩ እጥፍ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንግዳ ስታስተናግድ ያደገች ሴት ልማዷን ጠባይዋ አድርጋ ትሞላዋለች። ወንዶች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። አራሚ ክንፍ ያለው ወንድ ረዳት እርዳታውን የሚሰጠው በምክር፣ በሽምግልና፣ በኮሚቴ፣ ሥርዓት በማስያዝ ነው፤ ምግብ አያቀርብም፣ እንባ አይጠርግም። ስለዚህ ራሱን አንድ ቁጥር ወይም አዛዡን ስምንት ቁጥር አድርጎ ይሞላል። በየሰፈሩ የጎረምሳ ጠብ ሲነሳ ማንም ሳይጠራው የሚደርሰው፣ አስታርቆ ሲጨርስ የሁለቱንም ጥፋት በየተራ የሚዘረዝረው ጋሼ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፦ ሰው የሆነውን ሳይሆን መሆን የሚገባውን መሙላት። የመጠይቁ መመሪያ በሕይወትህ አብዛኛው ዘመን እንደነበርከው መልስ ይላል፤ የመጨረሻው ወር ወይም የምትመኘው ሰው አይደለም። አራሚ ክንፍ ያላት ረዳት ይህን መመሪያ ለመጠበቅ ከሁሉም ሰው ይልቅ ትቸገራለች፤ የሚገባውንና ያለውን ለይታ አታይማ። (በሑዳዴ መጨረሻ ሳምንት፣ ሁሉም ራሱን በሚወቅስበት ሰሞን፣ ባይሞላ ይመረጣል። ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም።)

ታዲያ ይህች ሰው ማን ናት? ሁለት ቁጥር የሚፈራው ለራሱ ብሎ የማይወደድ መሆንን ነው። ስለዚህ ፍቅርን በማስፈለግ ይገዛል፤ ሰው ከፈለገው አይተወውምና። ድብቅ ሕመሙ ትዕቢት ነው፤ በሌላው ላይ በመኮፈስ ግን አይታይም። “ለእኔ ምንም አያስፈልገኝም፣ እነሱ ግን ያለ እኔ አይሆንላቸውም” የሚል ጸጥ ያለ እምነት ነው። አንድ ቁጥር የሚፈራው ደግሞ ክፉ ወይም ጎደሎ መሆንን ነው፤ ሕመሙ ታፍኖ የተያዘ ቁጣ ነው፤ በውስጡ የሚወቅስ ድምፅ አለው። ሁለቱ ሲደራረቡ መውደድ ግዴታ ይሆናል፤ ማረፍ ደግሞ ኃጢአት። ሪሶና ሀድሰን ከሥነ አእምሮ ሐኪሟ ከካረን ሆርናይ ሐሳብ ተነስተው ዓይነቶቹን በሦስት ሲከፍሉ አንድ፣ ሁለትና ስድስትን ለውስጣዊ ሕግ የሚገዙ በሚል አንድ ላይ መድበዋል። አራሚ ክንፍ ያለው ረዳት ዋናውም ክንፉም ከዚሁ ምድብ ስለሆነ ሕጉ ሁለት ጊዜ ይጫነዋል። ባለ ሦስት ክንፉ ረዳት ግን ግማሹ ከሌላ ምድብ ስለሆነ ቀለል ይላል፤ መድረክ ይወዳል፣ ይስቃል፣ ያስቃል፣ ያደረገውን ሰው እንዲያይለት ይፈልጋል።

አራሚ ክንፍ ያላት መድረኩ ላይ አትገኝም። ተዝካር ላይ ፈልጓት ቢባል ጓዳ ውስጥ እንጀራ እየቆጠረች ትገኛለች። የጣናን እምቦጭ ለመንቀል በሚወጣ ዘመቻ ላይ እናስባት። አረሙ በሐይቁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ብዙ ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። እሷ ለነቃዮቹ ቆሎና ውኃ ታዞራለች፤ የደከመውን ጥላ ሥር ታስቀምጣለች። ቆየት ብላ ደግሞ “እዚህ ዳር ላይ አትከምሩት፣ ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል፤ ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት” ትላለች። ትክክሏን ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስትደግመው ግን ያዞረችው ውኃ ይረሳና ንግግሯ ብቻ ይታወሳል። ለምን እንደራቋት አይገባትም፤ ያደረገችው ሁሉ ለእነሱ ነበርና።

ቁጥሩ የማይነግረንን ክንፍ ለማወቅ አራት ጥያቄዎች ከመጠይቁ የበለጠ ይሠራሉ። እርዳታው ስለተሰጠበት ሁኔታ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ከእርዳታው በኋላ የሆነውን ያያሉ።

የመጀመሪያውና ጠቃሚው ይህ ነው፦ ሳይመሰገን የቀረ እርዳታ ከሳምንት በኋላ ምን ሆኖ ይወጣል? ባለ ሦስት ክንፉ “ስንት አድርጌለት!” ይላል፤ ቅሬታው ግልጽ ነው። አራሚ ክንፍ ያለው እንዲህ አይልም፤ ምስጋና መፈለግ ራሱ ያሳፍረዋል። “እኔ ለራሴ አይደለም፤ ግን ሥርዓት አይደለም፤ ሰው ለሰው እንዲህ አይሆንም” ይላል። የተጎዳው ልብ የመርሕ ልብስ ለብሶ ይወጣል። “ለራሴ አይደለም” የሚለው ሐረግ ከአንድ ሰው አፍ ደጋግሞ ሲወጣ ብዙ ጊዜ በትክክል ለራሱ ነው። ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ፍላጎቱ አለ፣ መናገሪያ መንገዱ ግን ተዘግቶበታል።

ሁለተኛው ሲታመሙ የሚያደርጉትን ይመለከታል። አልጋ ላይ የተኛች ረዳት አጥሚት ሲመጣላት ዝም ብላ ትጠጣለች ወይስ “ቀጥኗል፤ ለሌላ ጊዜ እንዲህ አድርጊው” ትላለች? መቀበል ለረዳት ሁሉ ይከብዳል፤ መቀበልን ወደ ማስተማር መለወጥ ግን የአራሚው ክንፍ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ምክር እምቢ ሲባል የሚታየው ነው። “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” የሚለውን አባባል አንድ ቁጥር ሲለው ከልቡ ነው፤ ይለይለታል፤ በቃው። ረዳቷም ትለዋለች፤ ማታውን ግን ያው ሰው እራት በልቶ እንደሆነ ትጠይቃለች። በምትፈርድበት ሰው ላይ ልቧ አይጨክንም፤ ልቧ የማይጨክንበትን ሰው ግን ሳትፈርድበት አታድርም።

አራተኛው ሕግና ሰው ሲጋጩ ማን ይቀድማል የሚለው ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት የእድር መዋጮ ሦስት ወር አሳልፋለች እንበል፤ ደንቡ ቅጣት ይላል። ረዳት ክንፍ ያለው አራሚ፣ ማለትም የዚህች ሴት የቅርብ ዘመድ የሆነው ዓይነት፣ ቅጣቱን መዝገብ ላይ ያሰፍርና ከዚያ በኋላ ከአባላቱ ገንዘብ አሰባስቦ ይከፍልላታል፤ ደንቡ ተከበረ፣ ሰውም ተረዳ። አራሚ ክንፍ ያላት ረዳት ግን ማንም ሳያይ ከኪሷ ትከፍላለች፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ደንቡ ኢፍትሐዊ ነው ብላ ትሟገታለች፤ ሴትየዋን ደግሞ ለብቻዋ ጠርታ “በጊዜ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” ብላ ትቆጣለች። ከሰው ጀምራ ወደ ሕግ ሄደች፤ ያኛው ከሕግ ጀምሮ ወደ ሰው መጣ። መጠይቁ እነዚህን ሁለት ሰዎች ደጋግሞ ያምታታቸዋል፤ ሁለቱም በአንድና በሁለት ቁጥር ከፍ ብለው ይወጣሉና። ይህን የእድር ምሳሌ አንብበው የትኛውን ያደርጉ እንደነበር እንዲናገሩ ብትጠይቋቸው ግን በደቂቃ ይለያያሉ።

ኢኒያግራም ከክንፍ ሌላ ስለ መስመሮችም ያወሳል። እያንዳንዱ ነጥብ ከሌሎች ሁለት ነጥቦች ጋር በመስመር ይገናኛል። ሁለት ቁጥር ሲጨናነቅ የስምንትን ጠባይ ይይዛል፤ ለስላሳዋ ረዳት ድንገት አዛዥ ትሆናለች፣ “እስቲ ያለ እኔ እናያችኋለን!” ትላለች፣ ቁልፉን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ በማግሥቱ ትመለሳለች። ሲሻላት ወደ አራት ትሄዳለች፤ የራሷን ስሜት ትመረምራለች፣ “ደክሞኛል፣ ዛሬ አልችልም” ማለት ትጀምራለች። እዚህ ላይ ብዙ አሠልጣኞች የሚዘሉት ነገር አለ። አንድ ቁጥር ሲጨናነቅ የሚሄደውም ወደዚሁ ወደ አራት ነው። ስለዚህ ለእኛዋ ሴት አራት ቁጥር ሁለት በር አለው። ብቻዋን ተቀምጣ ማሰብ ስትጀምር መዳን ሊሆን ይችላል፤ “ማንም አይረዳኝም፣ ሁሉን ተሸክሜ የምኖር እኔ ብቻ” ወደሚል ትካዜ መውረድም ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ለአንድ ሰው አንድ ግልጽ ጥያቄ ካቀረበች መዳን ነው። ዝርዝር ቅሬታ ይዛ ከተነሳች አይደለም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ። ብቻችሁን ሆናችሁ ሙሉት፤ ባል ወይም አለቃ አጠገብ ከተቀመጠ ይሉኝታው ይብሳል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ፤ ሳይነሱ መጨረሱ ይመረጣል፣ ስሜት ሲቀየር ምርጫም ይቀየራልና። አንድ ጥንድ ላይ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ውጤቱ ሲመጣ አንደኛ የወጣውን ብቻ አትያዙ፤ ከፍ ያሉትን ሦስቱን እጩ አድርጋችሁ ጻፏቸው። ከዚያ ለሁለት ሳምንት አንድ ደብተር ያዙ፤ በየማታው ሦስት አጫጭር መስመር ይበቃል፦ ዛሬ ማንን ረዳሁ፣ ጠይቆኝ ነበር ወይ፣ በኋላ ምን ተሰማኝ። ደብተሩ ላይ “አልጠየቀኝም” የሚለው ከግማሽ በላይ ከሆነና ከጎኑ “ትክክል ስላልነበረ” የሚል ምክንያት ከተደጋገመ፣ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን፣ አራሚ ክንፍ ያለው ረዳት ፊታችን አለ። በመጨረሻ አራቱን ጥያቄዎች በደንብ ለሚያውቃችሁ ሰው ስጡትና ስለ እናንተ እንዲመልስ ጠይቁት። የእሱ መልስ ከእናንተ መልስ ሲለይ የእሱን አስበልጡ፤ በተለይ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ።

ከዚህ ዓይነት ሰው ጋር ለሚሠራም ጥቅም አለው። ብዙ አለቆች የደከመች ረዳት ሲያዩ “አትድከሚ፣ ተይው” ይላሉ። እሷ የምትሰማው “አታስፈልጊንም” ነው፤ ይብስባትና ሁለት እጥፍ ትሠራለች። የሚሻለው ያደረገችውን ለይቶ ማመስገን፣ ቀጥሎ ወሰኑን እንደ ሥርዓት ማቅረብ ነው፤ ሥርዓት ለአራሚው ክንፍ ይገባዋልና። የእድር ሰብሳቢ አንዲትን ትልቅ ሴት እንዲህ ቢላቸው ያግባባል፦ “እታለም፣ ባለፈው ለቅሶ ዕቃው አንድ ሳይጎድል የተመለሰው በእርስዎ ነው። ከዚህ በኋላ የዕቃ መዝገቡን እርስዎ ብቻ ይያዙ፤ ወጡን በተራ ለሌሎች እንስጥ፤ ተራው ተጽፎ ይለጠፋል።” “ተጽፎ ይለጠፋል” የሚለው ውለታውን ወደ ደንብ ስለሚለውጠው ኩርፊያ አይተርፍም። በትልልቅ ሆስፒታሎች ዋርድ ውስጥ ለሚሠሩ ነርሶችም ይኸው ነው፤ ፈረቃዋን ጨርሳ አልሄድ ያለችን ነርስ “ሂጂ” ከማለት “ርክክቡን ለማን ሰጠሽ?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ርክክብ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ ሲሟላ ኅሊናዋ ይለቃታል።

ከአማራጮቹ ጋር ስናወዳድረው፣ በየድረ ገጹ የሚገኙት ነጻ ፈተናዎች ክንፉንም ጨምረው በመቶኛ ይሰጣሉ። መቶኛው ያማልላል፤ ከጀርባው ስንት ጥያቄ እንዳለ ሳትቆጥሩ ግን አትመኑት። ለመዝናናት ይሁን። በሆቴል አዳራሽ የሚሰጡ የግማሽ ቀን የስብዕና ሥልጠናዎችን በተመለከተ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አሠልጣኙን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሁለት ቁጥር ክንፍ አንድ ሲሆንና ሦስት ሲሆን በሥራ ላይ ልዩነቱ ምንድን ነው? በምሳሌ መመለስ ካልቻለ ከስላይድ እያነበበ ነው። ዘጠኙን ዓይነት በሦስት ሰዓት እጨርሳለሁ የሚልም አይመረጥም፤ ለአንድ ዓይነት ሃያ ደቂቃ ይደርሳል፣ ሃያ ደቂቃ ደግሞ ለክንፍ አይተርፍም። ቡድን ለማሠልጠን የሚያስብ መሥሪያ ቤት ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ቢያደርገውና ሁለት ከሰዓት ቢመድብለት ይበጃል።

የመጠይቁ ክፍያ በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ በቴሌብር አይደለም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ይሆናል፤ ዘመዱ በራሱ ኢሜይል ከገዛው ውጤቱ እሱ ዘንድ እንደሚደርስ አስቀድሞ ይታሰብ። መጠይቁን አንድ ገዝቶ ፎቶ ኮፒ ማባዛት መብት መጣስ ነው፤ ለአራሚ ክንፍ ባለቤቶች ይህን መንገር ባያስፈልግም። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው አጠገቡ አስተርጓሚ አስቀምጦ ባይሞላ ይሻላል፤ አስተርጓሚው ሳያውቀው ያማረውን አባባል አሳምሮ ያነበዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው አራቱ ጥያቄዎችና ደብተሩ ብቻ ይበቁታል፤ ያለ ምንም ወጪ።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ለየብቻ ሙሉ። ውጤቱን ከመተያየታችሁ በፊት ግን እያንዳንዳችሁ ስለ ሌላኛችሁ አራቱን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱና ወረቀቱን ተለዋወጡ።